ለገበያ ያልወጡ ሥዕሎች

(በአንድ የሥዕል አፍቃሪዎች ምሽት ላይ ከቀረበ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን አመሻችሁ። ከኋላ የቆማችሁ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ከፊት ወንበር አለ።

ዛሬ የማወራችሁ በሕይወት ዘመናቸው ሠዓሊ ተብለው ስላልተጠሩ ሠዓሊዎች ነው። በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኖሩ የእንግሊዝ ወይዛዝርት ናቸው። የሎርድ ሚስቶች፣ የአምባሳደር ልጆች፣ የአገረ ገዢ ባለቤቶች። አንዷማ ንግሥት ናቸው። በውሃ ቀለም ተራራና ወንዝ፣ ዛፍና የፈራረሰ ገዳም ይስሉ ነበር። ብዙ ሣሉ። አንድ ነገር ግን አላደረጉም፤ አልሸጡም። ለከበርቴ ሴት በእጇ ሥራ ገንዘብ መቀበል ነውር ነበርና።

እኔ የዛሬውን ወሬዬን በሙሉ የማያይዘው ከዚህ ነው። ምን እንደሣሉ፣ ማን እንዳስተማራቸው፣ ለምን እንደተረሱ፣ ቀለማቸው ሳይቀር ለምን እንዳልደበዘዘ ብትጠይቁኝ፣ መልሱ ዞሮ ዞሮ አለመሸጣቸው ላይ ይደርሳል። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው፣ ግራ እንዳትጋቡ።

ከቀለሙ ልጀምር። ድሮ የውሃ ቀለም ጣጣ ነበረው። ቀለም የሚሰጠውን ነገር አድቅቆ መፍጨት፣ ከዚያ ከግራር ሙጫ ጋር መለወስ። ሙጫው ከአፍሪካ ነበር የሚሄደው፤ የእኛ ቆላ ውስጥም የሚለቀም ዓይነት ነው። በ1781 ግን የለንደኑ የጥበብና የእደ ጥበብ ማበረታቻ ማኅበር ዊልያምና ቶማስ ሪቭስ የተባሉ ወንድማማቾችን ሸለመ። የሠሩት ነገር ሲያዩት ቀላል ነው። ቀለሙን በትንንሽ ቁራጭ አድርቀው በሳጥን ደረደሩት። እርጥብ ብሩሽ ማስነካት ብቻ ነው የቀረው። በ1835 ደግሞ ዊንዘር እና ኒውተን የሚባለው የለንደን ድርጅት ግሊሰሪን ጨምሮ ቶሎ የሚረጥብ ቀለም አወጣ።

ይህች ሳጥን ለወይዛዝርቱ ምን ማለት እንደነበረች አስቡት። የዘይት ቀለም ይሸታል፣ ልብስ ያበላሻል፣ እስኪደርቅ ስንት ጊዜ ይፈጃል፣ ለብቻው ክፍል ይፈልጋል። የውሃ ቀለም ግን አንድ ብርጭቆ ውሃና የራስ ጭን ይበቃዋል። እንግዳ መጣ ሲባል ክዳኑን መዝጋት ነው። ሠረገላ ላይም ጀልባ ላይም ይሄዳል።

ብዙ ሰው ግን እዚህ ላይ ይሳሳታል። መያዙ ቀላል ስለሆነ መሣሉም ቀላል ይመስለዋል። እዚህ ያላችሁ የሞከራችሁት ታውቁታላችሁ፤ የውሃ ቀለም ምሕረት የለውም። ነጩ ራሱ ወረቀቱ ነው። አንዴ ከሸፈናችሁት ሄደ። ከፈዛዛው ወደ ጠቆረው መሄድ ግድ ነው፤ መመለስ የለም። ሰማይ ስትስሉ ቀለሙ ሳይደርቅ መጨረስ አለባችሁ፤ ካመነታችሁ መሃሉ ላይ የድርቀት መስመር ይወጣል። በዘይት ቀለም የተሳሳተ ፍቆ ይደግማል። በውሃ ቀለም የተሳሳተ ወረቀት ይቀይራል።

ለምን መልክዓ ምድር? አንዱ ምክንያት ውበት ነው፤ እሱን እናንተም ታውቁታላችሁ። ሌላው ምክንያት ግን የተዘጋ በር ነው። የእንግሊዝ ንጉሣዊ የሥነ ጥበብ አካዳሚ በ1768 ሲመሠረት ከመሥራቾቹ መካከል ሁለት ሴቶች ነበሩ፤ አንጀሊካ ካውፍማንና ሜሪ ሞዘር። ጥቂት ቆይቶ ዮሃን ዞፋኒ የሚባል ሠዓሊ የአካዳሚውን አባላት በአንድ ትልቅ ሥዕል አሰባሰባቸው። ወንዶቹ በሞዴሉ ዙሪያ ቆመው ያወራሉ። ሞዴሉ ራቁቱን ስለሆነ ሁለቱ ሴቶች እዚያ መቆም አይችሉም ተባለ። ታዲያ የት አደረጋቸው? ግድግዳ ላይ፣ በፍሬም ውስጥ የተሰቀለ ሥዕል አድርጎ ሣላቸው። መሥራች አባላት እኮ ናቸው! ከእነሱ በኋላ ሙሉ አባል ሆና የተመረጠች ሴት ሎራ ናይት ናት፤ እሷም በ1936።

የሰው አካል አጥንተው የማያውቁ ሰዎች ትልልቅ የታሪክና የሃይማኖት ሥዕል መሥራት ይከብዳቸዋል። ያኔ ደግሞ ትልቅ ሥዕል የሚባለው እሱ ነበር። ተራራ ግን ልብሱን አያወልቅም፤ ማንንም አያስፈቅድም።

ጊዜውም ረድቷቸዋል። ከ1793 እስከ 1815 እንግሊዝና ፈረንሳይ ጦርነት ላይ ስለነበሩ ወደ አውሮፓ መጓዝ አስቸጋሪ ሆነ። ሀብታሙ ሁሉ የራሱን አገር ማየት ጀመረ። ዊልያም ጊልፒን የሚባል ቄስ በዋይ ወንዝ ላይ ስላደረገው ጉዞ በ1782 መጽሐፍ አሳትሞ ነበር፤ የትኛው ቦታ ለሥዕል እንደሚመች፣ የትኛው እንደማይመች ያስተምራል። ሰው በጀልባ ተሳፍሮ የቲንተርንን የፈረሰ ገዳም ሊያይና ሊስል ይጎርፍ ጀመር። ጥቁር፣ ወደ ውጭ ጎበጥ ያለ መስታወትም ይይዙ ነበር። መልክዓ ምድሩን በመስታወቱ ውስጥ ሲያዩት ጭር ያለ የድሮ ሥዕል ይመስላል። ችግሩ መስታወቱን ለመጠቀም ጀርባ መስጠት ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ መንገድ ተጉዘው፣ እንደዛሬው ሰልፊ ጀርባቸውን ለተራራው ሰጥተው ይቆሙ ነበር።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። እነሱ አልሸጡም ብያለሁ። ገንዘብ ግን አልወጣም ማለት አይደለም። ለአስተማሪ ይከፍሉ ነበር። ዛሬ የእንግሊዝ የውሃ ቀለም ኩራት የምንላቸው ወንዶች ብዙዎቹ ቀለባቸውን ያገኙት ከዚህ ነው። ጆን ሴል ኮትማን ከ1803 እስከ 1805 በየበጋው ዮርክሺር ውስጥ ቾልምሊ የሚባል ቤተሰብ ዘንድ እያረፈ እናትና ሴት ልጆችን ያስተምር ነበር። ዛሬ በጣም የሚደነቁት የግሬታ ወንዝ ሥዕሎቹ የመጡት ከእነዚያ የዮርክሺር ጉዞዎች ነው። ዴቪድ ኮክስ በሄርፎርድ በሴቶች ትምህርት ቤት በዓመት 100 ፓውንድ እየተከፈለው አስተምሯል። ኮትማን ኋላ ላይ ኖርዊች ሄዶ 600 ያህል ሥዕሎች ሰብስቦ ተማሪዎች እየተዋሱ እንዲገለብጡ በክፍያ ያከራይ ነበር። የሥነ ጥበብ ታሪክ ስናነብ እነዚህን ስሞች እናገኛለን። ደሞዛቸውን የከፈሉትን ሴቶች ግን ፈልጎ ማግኘት ነው።

ከተማሪዎቹ ጎበዟን ልጥራ። አሚሊያ ሎንግ ትባላለች፤ በኋላ ሌዲ ፋርንቦሮ። የቶማስ ጊርቲን ተማሪ ናት። ጊርቲን በ27 ዓመቱ የሞተ፣ ከታላቁ ሠዓሊ ከተርነር እኩል ተስፋ የተጣለበት ሰው ነው። የተማሪዋን ሥራ ሳየው ዛፉ የራሱ ክብደት አለው፤ ሰማዩ ይተነፍሳል። ከ1807 እስከ 1822 በንጉሣዊው አካዳሚ ሥዕል አሳይታለች። ግን በምን ስም? በክብር ተሳታፊነት። ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ይህች ወይዘሮ ከባለሙያዎቹ ጋር አትወዳደርም፣ ዋጋም አትጠይቅም፣ እንግዳችን ናት። ሲያዩት አክብሮት ይመስላል። ነገር ግን ተቺው በቁም ነገር እንዲመዝናት አይጠይቅም።

እዚህ ላይ የራሴን ሐሳብ ልናገር። ገበያ ክፉ ነው እንላለን፤ ሠዓሊውን ያበላሻል እንላለን። እውነት አለው። ግን ገበያ የማይዋሽበት ጊዜም አለ። ሥዕልህ ካልተሸጠ አንድ ነገር ተነግሮሃል። እነዚህ ሴቶች ይህን የሚነግራቸው አልነበረም። አስተማሪው በእነሱ ገንዘብ ነው የሚኖረው፤ ለመሳፍንት ልጅ «ሰማይሽ ጭቃ ሆኗል» የሚል ወንድ ከየት ይመጣል? ብዙውን ጊዜ ብሩሹን ተቀብሎ ራሱ ያስተካክለዋል። ስለዚህ ዛሬ አልበም ስንገልጥ የማን እጅ የት እንዳበቃ መለየት ያስቸግራል። ብዙዎቹ ሥዕሎችም፣ እውነቱን እንነጋገር፣ ደካማ ናቸው። ሴቶች ስለሠሯቸው ብቻ ድንቅ ናቸው ብዬ አልሸነግላችሁም።

ንግሥት ቪክቶሪያ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። ከልጅነታቸው ጀምሮ ሪቻርድ ዌስትል አስተማራቸው። በ1846 ሠዓሊውን ኤድዋርድ ሊርን ጠሩት፤ አሥራ ሁለት ጊዜ አስተማራቸው። ትምህርቱ የተጀመረው ዋይት ደሴት ላይ በሚገኘው በኦስቦርን ቤታቸው ነው። ኦስቦርን ለእኛ ሌላ ትዝታ አለው። ከመቅደላ በኋላ የተወሰደው ሕፃኑ ልዑል ዓለማየሁ በ1868 ከንግሥቲቱ ጋር የተገናኘው እዚያው ነው። ያ ሌላ ንግግር ይፈልጋል፤ ልለፈው። ከሊር በኋላ ዊልያም ሌይተን ሊች የሚባል ስኮትላንዳዊ መጣ። ሰውየው ቀድሞ የቲያትር መድረክ ትዕይንት የሚቀባ ነበር። ወደ ሁለት አሥርት ዓመታት አስተማራቸው። ንግሥቲቱ ስኮትላንድ ውስጥ ያለውን የባልሞራል ቤታቸውን ኮረብታዎች ደጋግመው ሣሉ። መካከለኛ ሠዓሊ ናቸው፤ ግን ታታሪ። እኔን የሚገርመኝ ያን ያህል ሥልጣን ያላቸው ሴት ጭጋግ እንዴት እንደሚቀባ ለመማር ያን ያህል ዓመት መቀመጣቸው ነው።

አሁን ከእንግሊዝ እንውጣ። የእነዚህ ሥዕሎች ትልቁ ዋጋ፣ በእኔ እምነት፣ የሚታየው ሴቶቹ ከቤታቸው ሲርቁ ነው።

ኤልሳቤጥ ሲምኮ በ1762 የተወለደች፣ ወላጆቿን በሕፃንነቷ ያጣች፣ ብዙ መሬት የወረሰች ሴት ናት። ባሏ ጆን ግሬቭስ ሲምኮ የላይኛው ካናዳ፣ ማለትም የዛሬዋ ኦንታሪዮ፣ የመጀመሪያው ምክትል አገረ ገዢ ሆኖ ተሾመ። በ1791 ሁለት ትንንሽ ልጆቿን ይዛ፣ አራት ትልልቅ ሴቶች ልጆቿን እንግሊዝ ትታ ተከተለችው። ዛሬ ቶሮንቶ የሚባለው ቦታ ያኔ ከተማ አልነበረም። የሚኖሩት በሸራ ድንኳን ውስጥ ነበር፤ ድንኳኑ ቀድሞ የታዋቂው ባሕረኛ የካፒቴን ኩክ ንብረት የነበረ ነው። ካናዳ ውስጥ የተወለደች ሴት ልጇን በ1794 ቀበረች። በዚህ ሁሉ መሃል ትስላለች። የናያጋራን ፏፏቴ፣ ሐይቁን፣ የሚቃጠለውን ጫካ፣ አንድም ቤት የሌለበትን የቶሮንቶ ዳርቻ።

ቶሮንቶ ዘመድ ያላችሁ ስካርቦሮ የሚባለውን ሰፈር ሳትሰሙ አትቀሩም። ብዙ የእኛ ሰው ይኖርበታል። ስሙን ያወጣችው ይህች ሴት ናት። ከሐይቁ ዳር ያለውን ነጭ ገደል ስታየው ዮርክሺር ውስጥ ያለውን ስካርቦሮ አስታወሳት።

በ1796 ወደ እንግሊዝ ተመለሱ። ከሥዕሎቿ ሠላሳ ሁለቱን በበርች ዛፍ ቅርፊት ላይ ሣለችና ለንጉሥ ጆርጅ 3ኛ ሰጠች። ዛሬ የቶሮንቶ የታሪክ ተመራማሪ ከተማው ሳይቆረቆር ምን ይመስል እንደነበር ማየት ሲፈልግ የሚሄደው ወደ እሷ ነው። ሥዕሎቿ ትልቅ ጥበብ አይደሉም። ዛፎቿ ይመሳሰላሉ፤ ውሃዋ ጠፍጣፋ ነው። ግን እዚያ ተቀምጦ ያየ ሌላ ማን አለ? አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። አገሩ የሚሲሳጋ ሕዝብ አገር ነበር። በሥዕሎቿ ውስጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ጫካና ባዶ ውሃ ነው የምናየው። ጊልፒን ያስተማረው አሳሳል ሰውን እንደ ትንሽ ጌጥ ነው የሚያየው። ለመውሰድ የመጣ ሰው ደግሞ አገሩ ባዶ ሆኖ ቢታየው አይጠላም።

ሁለተኛዋ ሻርሎት ካኒንግ ናት። እኔ ከሁሉም የምወዳት እሷን ነው፤ አልደብቅም። በ1817 ፓሪስ ውስጥ ተወለደች፤ አባቷ እዚያ የእንግሊዝ አምባሳደር ነበር። ከ1842 እስከ 1855 የንግሥት ቪክቶሪያ ደንገጡር ሆና አገልግላለች። በ1856 ባሏ ሎርድ ካኒንግ የሕንድ ጠቅላይ ገዢነት ሥራውን ሲጀምር አብራው ነበረች። በዓመቱ ሕንዶች በእንግሊዝ ላይ ታላቁን አመፅ አነሱ። እሷ ካልካታ ቤተ መንግሥት ተቀምጣ ለንግሥቲቱ ረጃጅም ደብዳቤ ትጽፋለች።

ከዚያ መጓዝ ጀመረች። ብዙ ጊዜ ያለ ባሏ። በደቡብ ወደ ኒልጊሪ ተራሮች ወጣች፣ በሰሜን ወደ ሂማላያ። ለንደን የሚገኘው የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ሁለት ትልልቅ የሥዕል ማኅደሮቿን ይዟል፤ 350 ያህል የውሃ ቀለም ሥዕሎች አሉበት። እሷ ላይ ስንደርስ አስተማሪ ያስተካከለው የቱ ነው ብሎ መፈለግ አያስፈልግም፤ ሂማላያ ላይ አስተማሪ አልነበረማ። ተራራውን እርከን በእርከን፣ ከፈዛዛ ሰማያዊ ወደ ጠቆረ አረንጓዴ ታወርደዋለች። ወረቀቱን ሳትነካ የምትተወው ቦታ አለ፤ በረዶው እሱ ነው። የት እንደምታቆም የሚያውቅ እጅ ነው ያላት። ይህ በሽያጭም በምስጋናም አይመጣም፤ በየቀኑ በመሣል ነው የሚመጣው።

በ1861 ከዳርጂሊንግ ስትመለስ ከተራራው ግርጌ ባለው ረግረግ ወባ ያዛት። ኅዳር ላይ በ44 ዓመቷ ካልካታ ውስጥ ሞተች። ካልካታዎች ዛሬም ሌዲኬኒ የሚባል በስኳር ውሃ የተነከረ ጣፋጭ ይበላሉ፤ በእሷ ስም የተሰየመ ነው ይባላል። በስሟ የሚበላውን ያህል ሥዕሏን ያየ ሰው ያለ አይመስለኝም።

እኅት ነበረቻት፤ ሉዊዛ፣ የዋተርፎርድ ማርኪዝ ሚስት። ከመልክዓ ምድር ወጣ ማለቴን አውቃለሁ፤ ግን ሳልጠራት ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። ታላቁ ተቺ ጆን ረስኪን በደብዳቤ ይመክራት ነበር። ሠዓሊው ጆርጅ ፍሬድሪክ ዋትስም አድናቂዋ ነበር። ባሏ በ1859 ለአደን ወጥቶ ከፈረስ ወድቆ ሲሞት፣ ፎርድ ወደምትባል የሰሜን እንግሊዝ መንደር ገባች። ትምህርት ቤት አሠራች። ከዚያ ከ20 ዓመት በላይ የትምህርት ቤቱን ግድግዳዎች በመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮች ሞላች። በውሃ ቀለም ነው የሠራችው፤ ወረቀቱ ሸራ ላይ ተወጥሮ ግድግዳው ላይ ተሰቀለ። ሞዴሎቿ የመንደሩ ገበሬዎችና ልጆቻቸው ናቸው። ሕፃኑ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ቀና ሲል ጎረቤቱን ነቢይ ሆኖ ያየዋል። «ትርፍ ሰዓት ማሳለፊያ» የሚለው ቃል ለዚህ ሥራ አይበቃም። ሕንፃው ዛሬም አለ፤ ይጎበኛል።

ስለ ቀለሙ መደብዘዝ ቀደም ብዬ ቃል ገብቼ ነበር። የውሃ ቀለም ጠላቱ ብርሃን ነው። በ1888 ራስልና አብኒ የሚባሉ ሁለት ሳይንቲስቶች ይህን ለእንግሊዝ መንግሥት አጥንተው ሪፖርት አቅርበዋል። በጣም የሚጎዳው ኢንዲጎ የሚባለው ሰማያዊ ነው። ሠዓሊዎች ለደመና ከቀይ ጋር ይቀላቅሉት ነበር። ሰማያዊው ሲጠፋ ቀዩ ብቻ ይቀራል፤ ሰማዩ ሐምራዊ ቢጤ፣ ዝገት ቢጤ ይሆናል። ከጊርቲን ሥራዎች ብዙዎቹ እንዲህ ሆነዋል። ምክንያቱም ተሸጡ፣ ተሰቀሉ፣ ብርሃን በላቸው። የወይዛዝርቱ ግን አልበም ውስጥ፣ መሳቢያ ውስጥ፣ ጨለማ ውስጥ ነበሩ። ስለዚህ የዚያን ዘመን ሰማያዊ በትክክል ማየት የፈለገ ሰው ከታላቁ ሠዓሊ ይልቅ የተዘጋ የወይዘሮ አልበም ቢያገኝ ይሻለዋል።

አልበሙ ግን ከእርጥበትና ከወራሽ አያድንም። ሥዕሎቹ ብዙ ጊዜ ፊርማ የላቸውም። የልጅ ልጅ ቤት ሲሸጥ አልበሙ ይበተናል፤ ገጹ ይቀደዳል፤ ከጀርባው ያለው ጽሑፍ ይጠፋል። በሐራጅ ላይ «የእንግሊዝ የአሳሳል ወግ፣ 19ኛው ክፍለ ዘመን» ተብሎ ይቀርባል። በቃ። ሴትዮዋ የለችም።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልናገር ባልፍ ጎደሎ ይሆናል። ይህ ሁሉ ነፃ ጊዜ ከየት መጣ? ልጅ የምትይዝ ሞግዚት አለች፤ ምሳ የምትሠራ አለች። ካኒንግ ተራራ ስትወጣ ዕቃዋን፣ ድንኳኗን፣ እሷን ራሷን የሚሸከሙ ብዙ ሰዎች አብረው ይወጡ ነበር። ከእነሱ አንዱ እንኳ መሣል ይችል እንደነበር የጠየቀ የለም። እነዚህ ሴቶች በአንድ በር ተከልክለው በሌላ በር ከልክለዋል።

በመጨረሻ ከሩሲያ አንዲት ሴት። የመጨረሻው ዛር የኒኮላስ 2ኛ ታናሽ እኅት፣ ግራንድ ዱቼስ ኦልጋ አሌክሳንድሮቭና። በ1882 ተወለደች፤ ከልጅነቷ ጀምራ እንደ ዘመዶቿ ሁሉ በውሃ ቀለም ትስል ነበር። አብዮት መጣ፤ ወንድሟና ቤተሰቡ ተገደሉ። እሷ ወደ ዴንማርክ አመለጠች። በ1948 ከባሏ ጋር ካናዳ ገባች። ኋላ ቶሮንቶ አጠገብ ኩክስቪል የምትባል ቦታ ትንሽ ቤት ነበራቸው። በ1960 እስክትሞት ከ2000 በላይ ሥዕሎች ሠራች። የበርች ዛፎች፣ በረዶ፣ የገጠር መንገድ፣ አበባ። ሸጠቻቸው። ገንዘቡ ያስፈልጋት ነበር።

እንግዲህ ገበያ የደረሰላት አንዲት አገኘን ልል ነበር። ግን ሥዕሎቿን ስመለከት እርግጠኛ መሆን ያቅተኛል። ደስ ይላሉ፤ ሞቃት ናቸው፤ እንደ ካኒንግ ግን አይደሉም። የሚገዙት ሰዎችም ብዙዎቹ የገዙት የበርች ዛፉን ይመስላችኋል? የገዙት ሮማኖቭ የሚለውን የዛሮቹን ቤተሰብ ስም ነው። ስለዚህ ገበያው ለእሷም እውነቱን አልነገራትም። ይህን እናንተ እንዴት እንደምታዩት መስማት እፈልጋለሁ፤ ማይክሮፎኑን ወደ ኋላ አሳልፉልኝ።